«ቲቸር ያስተማረኝ ነው» አትበልብኝ

ይቺን ነገር አይቼ እንዳላየሁ ላልፋት ነበር። ሦስት ቀን ታገስኩ። ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ግን ሰዉ አሁንም ከሥሯ «እሳት ነህ»፣ «እጅህ ይባረክ» እያለ ነው። የእኔም ስም እዚያው ላይ ታስሮ አለ። ስለዚህ ልጻፍ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ (ስሙን አልጠራም፣ እሱ ራሱን ያውቃል) የአንዲት ቪትዝ ኮፈን ከፍቶ ሁለት ፎቶ ለጥፏል። «በፊት» እና «በኋላ»። በፊት የተባለው አቧራና የዘይት ጭቃ የለበሰ ሞተር ነው። በኋላ የተባለው ጥቁሩ አሁን እንደተቦረሸ ጫማ ያበራል፣ ብርማው ደግሞ የሠርግ ዕቃ ይመስላል። ከሥሩ «በ2 ሰዓት ተኩል ያለቀ። ለሽያጭ ዝግጁ። ቲቸር ያስተማረኝ ነው» ይላል።

ፎቶውን በጣቴ ዘረጋሁት። አሮጌ መምህር ነኝ፣ የተማሪ ሥራ ሳላርም ማለፍ አልችልም። የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ጎማ ነው፤ ቀለም ተነፍቶበታል። የቱቦው ማሰሪያ ተቀብቷል። የሽቦዎቹ መጠቅለያ ላይ ብናኝ አለ። ቡሎኖቹ ከነዳዷቸው አብረው ተቀብተዋል፣ አንዱም ላይ የቁልፍ ጠባሳ አይታይም። በሌላ ቋንቋ አንድም ዕቃ አልተፈታም። ከባትሪው ሥር ላሜራው ላይ ደግሞ ሽፍታ የመሰሉ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። ዝገቱ ሳይፋቅ ከላዩ ተለብጧል ማለት ነው። ሁለት ወር ይበቃዋል፣ ከዚያ ቅርፊቱን ይዞ ይነሳል።

ልጄ፣ ይህን እኔ አላስተማርኩህም። ስሜን አንሳልኝ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር ደግሞ፣ ቀለም ነው እኮ፣ ምን አለበት?» ትላላችሁ። የምለው እንዲገባችሁ አንድ ነገር ላስቀድም። የሞተር ክፍል ዕቃ መቀባትን አልጠላም። እንዲያውም መኪና ያለው ሰው ሁሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ በገዛ ግቢው፣ በገዛ እጁ ቢሠራው ደስ ይለኛል። የምጠላው ሳይፈቱ፣ ሳያጥቡ፣ ሳይፍቁ፣ ሊሸጥ ሁለት ቀን ሲቀረው መንፋትን ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ጣሳ ይዘው ስለሚሠሩ አንድ ሥራ ይመስላሉ። አይደሉም። አንዱ መኪናህን ማወቅ ነው፣ ሌላው ማስረጃ ማጥፋት።

ማስረጃ የምለው ለማጋነን አይደለም። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ፣ ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት እጅህን ኪስህ ከተህ ዝም ብለህ እይ። የቴስታታው ክዳን ጋስኬት ሲደክም ዘይት ቀስ እያለ ይወርድና አቧራ ይይዛል፣ ጥቁር እርጥብ መንገድ ይሠራል። መንገዱን ወደ ላይ ተከትለህ ምንጩን ታገኛለህ። የራዲያተር ውኃ የሚያፈስ ቦታ ሲደርቅ ቅርፊት ይተዋል፣ ነጭ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ ወይም ሮዝ፣ እንደ ኩላንቱ ቀለም። የባትሪ አሲድ ከተርሚናሉ ላይ ነጭና ሰማያዊ ዱቄት ያወጣል፣ ከሥሩ ላሜራውን ይበላል። የፍሬን ዘይት ያፈሰሰ እንደሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለው የፋብሪካ ቀለም ይላጣል፣ ምክንያቱም የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ነው። ቆሻሻው ራሱ የመኪናዋ የሕክምና ካርድ ነው። አንተ በ2 ሰዓት ተኩል ያጠፋኸው ይሄንን ካርድ ነው።

የዛሬ ዓመት ገደማ ሌላ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ከሙያው ወጥቶ ሱቅ ሲሠራ የቆየ ልጅ ነው። የዕቁብ ብሩ ሲደርሰው፣ አክስቱም ጨምራለት፣ በስልክ ለሚጠራ ታክሲ ብሎ ቪትዝ ገዛ። «ቲቸር፣ ኮፈኑን ሲከፍቱልኝ እንደ አዲስ ነበረች» አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ «ነበረች» ላይ ሲያልቅ ሆዴ ፈራ። በገዛ በአምስተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ዳገት ላይ ሙቀቷ ወጣ። ተሳፋሪ ይዞ ስለነበር «ትንሽ ትሂድ» ብሎ ገፋት። ስትፈታ ራዲያተሩ ከላይ፣ ፕላስቲኩ ከአልሙኒየሙ የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ድሮም የሚያፈስ ነበር። ቅርፊቱ በቀለም ሥር ነበር፤ እኔ ራሴ በጥፍሬ ላጥኩት፣ ከጥቁሩ ሥር አረንጓዴው ብቅ አለ። ቴስታታው ተጣሟል። የአክስቱን ብር እስካሁን ከፍሎ አልጨረሰም።

ያንን ራዲያተር የነፋው ልጅ ማን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት የእኔ ተማሪ ነው። ምናልባት ጎበዝ ተማሪዬ ነው። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ፣ ብዙዎቻችሁ ፊት ለፊትም ነግራችሁኛል። አንደኛው «ደላላው ነው የሚያዘኝ፣ እኔ የቀለም ሠራተኛ ነኝ» የሚል ነው። እሺ። ደላላው ኪሎ ሜትሩን መልስልኝ ቢልህስ? የሻንሲ ቁጥሩን ፋቅልኝ ቢልህስ? የሆነ ቦታ ላይ «እምቢ» እንደምትል ታውቃለህ። እኔ የምልህ ያችን ቦታ ትንሽ ወደዚህ አምጣት ነው። ሁለተኛው «ገዢው ራሱ የሚያበራ ነው የሚፈልገው» የሚል ነው። ይሄ እውነት አለው፣ አልክድም። እኛ አገር ገዢ ኮፈን አስከፍቶ «አቤት ንጽሕናው!» ብሎ ይዘጋዋል። ውስጡን ለቄስ። ግን ገዢው አለማወቁ ለአንተ ፈቃድ አይሆንም። እሱ የሚያበራ የሚፈልገው የሚያበራ ነገር የተጠበቀ ነገር ነው ብሎ ስላመነ ነው። አንተ የምትሸጥለት ያንን እምነቱን ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ሁሉም ያደርገዋል» ነው። ለዚህ መልስ የለኝም፣ መልስም አይገባውም።

እዚህ ላይ ራሴን ነጻ ሰው አስመስዬ እንዳላልፍ። እኔም ነፍቻለሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ማስተማር ሳልጀምር፣ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። አንድ ኮሮላ ዲኤክስ መጣች፣ ዘይት ከየቦታው ታዥ ነበር። ባለቤቱ መጠገን አልፈለገም፣ መሸጥ እንጂ። አለቃዬ የብርማ ቀለም ጣሳ ሰጠኝ። በናፍጣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከብሎኩ እስከ ጭስ ማኒፎልዱ ያገኘሁትን ሁሉ ነፋሁ። ለበዓል የታጠበ ድስት መሰለች። የገዛት የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ ተቆጥቶ አይደለም፣ ደንግጦ። «ስትሞቅ ትጨሳለች፣ ሽታም አላት፣ ልትቃጠል ይሆን?» አለኝ። ማኒፎልዱ ላይ የነፋሁት ተራ ቀለም ነበር የሚቃጠለው። እኔ ምን አልኩት? «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል።» አመስግኖኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር። ምስጋናው ነው እስከ ዛሬ የሚከተለኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ የምቆጣህ ከላይ ሆኜ አይደለም።

አሁን ወደ ደስ የሚለኝ ክፍል ልምጣ፣ ምክንያቱም ትችት ብቻ ጽፌ ብሄድ «ታዲያ እንዴት ይሠራ?» ትሉኛላችሁ፣ ልክም ናችሁ። ከእናንተም ብዙዎቹ የሙያው ሰዎች አይደላችሁም፤ መኪና ያላችሁ፣ ግቢ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። ለእናንተ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ትንሽ ነገር ምረጡ። ሙሉ ሞተር ክፍል አይደለም፣ አንድ ዕቃ። የባትሪ መቀመጫው ከሁሉ ይሻላል፣ ሁልጊዜ የሚዝገው እሱ ስለሆነ። አሮጌ ዲኤክስ ያላችሁ ካርቡሬተሩ ላይ የተቀመጠው ክቡ የአየር ፊልትሮ ቤት ይሆናችኋል፤ ላሜራ ነው፣ በቀላሉ ይወጣል፣ ተበላሽቶም ቢሆን ደግሞ መፋቅ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከሦስት አቅጣጫ። ቡሎኖቹን በየእርጎ ኩባያው ለያይታችሁ አስቀምጡ። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። ይሄን የማያውቅ ተማሪ ፈተና አላሳልፍም ነበር፣ አሁንም አላሳልፍም።

ከዚያ አጠባ። እባካችሁ በቤንዚን አትጠቡ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት እየሄደ እሳት ይፈልጋል፤ እኛ ግቢ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ የከሰል ምድጃ ላይ ጀበና አለ። ሙቅ ውኃ፣ ላርጎ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ትዕግሥት። የባትሪ መቀመጫ ከሆነ አስቀድማችሁ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፣ ይንፎለፎላል፤ መንፎልፎሉን ሲያቆም አሲዱ ሞቷል። በደንብ አለቅልቃችሁ አድርቁ። ከሽቦ ብሩሽና ከብርጭቆ ወረቀት በፊት ቅባቱ መልቀቅ አለበት፣ አለዚያ ቅባቱን ወደ ብረቱ ውስጥ ነው የምትፈትጉት።

አሁን ፍቁ። ዝገቱ እስኪለቅና ብረቱ እስኪያበራ ድረስ። 120 ቁጥር ወረቀት፣ ቀጥሎ 240፣ መጨረሻ 400። እዚህ ላይ ነው እውነቱ የሚመጣው። ከዝገቱ ሥር ቀዳዳ ካገኛችሁ ቀለም መልስ አይደለም፣ ላሜራ ሠራተኛ ጋ ይበየዳል። በስቱኮ የደፈናችሁት የባትሪ መቀመጫ ባትሪውን ይዞ እንደሚወድቅ አስቡ። ቀዳዳ ካላገኛችሁ ደግሞ ደስ ይላል፣ መኪናችሁን በዚያ ቦታ አሁን እንደ እጃችሁ መዳፍ ታውቃላችሁ።

ከፍቃችሁ በኋላ በንጹሕ ጨርቅና በትንሽ ቲነር ጥረጉ፣ ከዚያ በባዶ እጅ አትንኩት። የጣት ቅባት ሥር ቀለም አይይዝም። ፕራይመር በስሱ ሁለት ጊዜ። ቀለም በስሱ ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ 10 እና 15 ደቂቃ እየጠበቃችሁ። አንዴ ወፍራም የነፋ ሰው ቀለሙ ሲወርድበት ያያል። አልሙኒየም ከሆነ ተራ ፕራይመር አይበቃም፣ ለአልሙኒየም የሚሆነውን ጠይቃችሁ ግዙ። ፕላስቲክም እንዲሁ የራሱ አለው። ክረምት ላይ ባትጀምሩት ይሻላል፣ እርጥበቱ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ የከሰዓቱ ነፋስ አቧራ ይዞ ሳይመጣ ያለችው ሰዓት ወርቅ ናት።

የሙቀቱን ነገር አትቀልዱበት። የሞተር ውኃ ወደ 90 ዲግሪ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ የፊልትሮ ቤትና የባትሪ መቀመጫ ጥሩ የብረት ቀለም ይበቃቸዋል። የቴስታታ ክዳን የሞተር ቀለም የሚባለውን ይፈልጋል፤ ጣሳው ላይ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ተጽፏል፣ አንብቡት። የጭስ ማኒፎልድ ግን ሌላ ዓለም ነው፣ በመቶዎች ዲግሪ ይግላል። ለእሱ የሚሆነው ቀለም ለብቻው ነው፣ የሚጠነክረውም በሙቀት ነው፣ ሞተሩን እያሞቁና እያቀዘቀዙ። ያ የጤና ጣቢያ ሰውዬ ይሄን ቢያውቅ ኖሮ እኔን በአንድ ጥያቄ ያጋልጠኝ ነበር።

የማይቀባውስ? ጎማ አይቀባም። ቺንጋ አይቀባም፣ ይንሸራተታል። ሴንሰርና የሽቦ መገጣጠሚያ አይቀባም። ዲናሞ ላይ አትንፉ፣ በአየር ቀዳዳዎቹ ይገባል። የራዲያተሩን ክንፎች በወፍራም ቀለም የደፈነ ሰው ብርድ ልብስ አልብሷቸዋል። ጋስኬት የሚያርፍበት ፊት በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ኔጋቲቩ ገመድ ቦዲው ላይ የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ብረት ሆኖ ይቅር፤ እሱን ቀብታችሁ «ባትሪዬ ሞተ» ብላችሁ አዲስ ባትሪ የገዛችሁ አላችሁ፣ ስም አልጠራም። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ላይማ ጣሳውን አታዙሩት። በብዙ ቶዮታዎች ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ቁጥሩ ላይ ቀለም የተከመረበትን መኪና እኔ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም፣ ጥዬ ነው የምሄደው።

ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ቀለም ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው ኬሚካል ሳንባ ያቆስላል፣ አስም ያስይዛል፣ የጨርቅ ማስክ አያቆመውም። ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ያውም ትክክለኛ መከላከያ ላለው ባለሙያ። «ቲቸር የቀለም ሠራተኛውን እንጀራ ሊቀማ ነው» ላላችሁኝም መልሴ እዚህ ውስጥ አለ። ለእናንተ ብዙ ሥራ አለ። የፊልትሮ ቤት ለባለቤቱ ተዉለት።

ለምን ይሄን ያህል አመረርኩ? መኪናው ስለማይተካ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ኤክሳይዝ ታክሱ ከበደ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ክልከላው ልክ ነው ስህተት ነው የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። ግን ውጤቱን አስቡት። መንገድ ላይ ያለችው ቪትዝ፣ ያለችው ኮሮላ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ገና ብዙ ዓመት ልትሠራ ነው። የመጀመሪያዋ ቪትዝ በፈረንጆቹ 1999 ነው የወጣችው፣ ታላላቆቹ 25 ዓመት አልፏቸዋል። እያንዳንዷ ገና ሦስት አራት ገዢ ይጠብቃታል። በየሽያጩ አንድ ድርብ ቀለም ከተነፋባት አራተኛው ገዢ ጋ ስትደርስ ምን እንደያዘች የሚያውቅ ሰው አይኖርም። አራተኛው ገዢ ደግሞ ሁልጊዜ ብር የሌለው ነው። የዕቁብ ብር ይዞ የሚመጣው እሱ ነው።

ልትገዙ የምትሄዱ ደግሞ ይሄን ያዙ። ኮፈን ተከፍቶ ሁሉም ነገር እኩል ካበራ ተጠራጠሩ። ሞተር ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር እኩል አያረጅም። ቱቦውን ጨመቅ አድርጉት፣ ጎማ ላይ የተነፋ ቀለም ይሰነጣጠቃል። የቱቦውን ማሰሪያ እዩ። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከሥር እዩ፣ የሚነፋ ሰው ከሥር አይደርስም። ሻጩ «እኔ ራሴ ነኝ የቀባሁት» ካላችሁ ወዲያው አትሽሹ፣ «ስትፈታው ምን አገኘህ?» በሉት። በእውነት የፈታ ሰው አፉን ሞልቶ ይነግራችኋል፣ አታቆሙትም። የነፋ ሰው ርዕስ ይቀይራል።

ሐቀኛ ሻጭ ለመሆን ለምትፈልጉም ቀላል ነው። ከመቀባታችሁ በፊት ያነሳችሁትን ፎቶ አታጥፉ፣ ለገዢው አሳዩት። ዝገቱን፣ የዘይቱን መንገድ፣ የቀየራችሁትን ጋስኬት። እኔ ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ መኪና ስንሸጥ እንዲህ አደረግን። ገዢው ዋጋ ቀነሰብን፣ አልዋሽም። ግን እስካሁን አልደወለም።

አንተ ፎቶ የለጠፍከው ልጅ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ፣ አላየኸውም መሰለኝ። ያቺ ቪትዝ አልተሸጠች ከሆነ ሰዓቱ አላለፈም። የባትሪውን ሥር ፍቀህ ገዢው እያየ ክፈትለት። ተሸጣም ከሆነ የገዢው ስልክ ደላላው ጋ አለ፣ «ራዲያተሩን አስይ» በለው፣ ሌላ ምንም ባትል። እኔ ያንን ስልክ አልደወልኩም ነበር፣ ጋራዡም ፈርሷል፣ ሰውዬውንም አላገኘሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ግቢ ነኝ። የራሴን ዲኤክስ የባትሪ መቀመጫ ፈትቼዋለሁ፣ አንድ ጥግ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፣ ሳልነካው እየጠበቀህ ነው። ጓንት ይዘህ ና፣ የእኔ ተቀዷል።